ከዋስ ቃል እስከ አመክሮ መዝገብ፦ በአገው ምድር እስረኛ የሚፈታበት ሥርዓት

አመክሮ የተፈረደበት ሰው ከቅጣት ዘመኑ ትልቁን እጅ በእስር ከፈጸመ በኋላ የቀረውን በደጅ፣ በግዴታ ሥር ሆኖ የሚጨርስበት ሥርዓት ነው። ቃሉ የግእዝ ነው፤ «አመከረ» ማለት ፈተነ፣ ሞከረ ሲሆን «ሙከራ» እና «መከራ» ከዚያው ሥር ይወጣሉ። ሕግ አውጪዎች ከመውሰዳቸው በፊት ቃሉ የገዳም ነበር። ምንኩስና የሚሻ ሰው ቆብ ከመድፋቱ በፊት እንጨት እየሰበረ፣ ውኃ እየቀዳ፣ አባቶችን እያገለገለ የሚቆይበት ዘመን አመክሮ ይባላል። በእንግሊዝኛው ዓለም ይኸው የእስረኛ አፈታት «ፓሮል» የሚል ስም አለው፤ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ቃል» ነው፣ እስረኛው ቃል ሰጥቶ ስለሚወጣ። አማርኛው ከተሰጠው ቃል ይልቅ የሚከተለውን ፈተና መርጧል።

በኢትዮጵያ ሕግ አመክሮ የሚጠየቅበት የጊዜ ልክ ከ1949 ዓ.ም. ወዲህ አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል። እየተለወጠ የመጣው ስለ እስረኛው የሚመሰክረውና መዝጊያውን የሚከፍተው ሰው ማንነት ነው። ይህን ለውጥ ከአንድ አገር ሆኖ መከተል ይቀላል። ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ ዞን የሚባለው፣ እንጅባራና ዳንግላ የሚገኙበት የቀድሞው አገው ምድር ለዚህ ይመቻል፤ የዋሱ፣ የሽማግሌው፣ የሹሙ፣ የወህኒው አዛዥና የዳኛው ሥልጣን በየዘመኑ ተፈራርቆበታል።

አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ መተከል፣ አዘና፣ ጫራና ቋቁራ ተብለው በሚቆጠሩት በሰባቱ ቤት አገው ምድር፣ እንደ ቀረው የጎጃም አገር ሁሉ፣ በጥንቱ ዘመን በዓመት ተለክቶ የሚፈረድ እስራት እንግዳ ነገር ነበር። ቅጣቱ ካሳ፣ ግርፋት፣ ንብረት መወረስ፣ የአካል መቆረጥ ወይም ሞት ነበር። እስራት በአብዛኛው የመቆያ ዘዴ ነው፤ ዕዳውን እስኪከፍል፣ ዋስ እስኪጠራ፣ ወይም ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ ሰው ይታሰራል። ቤቱም ቢሆን ሁልጊዜ አይኖርም። ባለዕዳና አበዳሪ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ወይም በተቋጠረ የኩታ ጫፍ ተቆራኝተው አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ከሳሹ ራሱ ግማሽ እስረኛ ስለሚሆን ጉዳዩ ቶሎ እንዲያልቅ ከተከሳሹ ባልተናነሰ ይጓጓል። ዘመናዊዎቹ የሥነ ሥርዓት ሕጎች ሁሉ ሲደክሙለት የኖሩት ፈጣን ፍርድ በዚህ ሻካራ ዘዴ ከሞላ ጎደል ይገኝ ነበር።

ከዚህ ዓይነቱ እስር መውጫው በር ዋስ ነው። ዋሱ የሚያስይዘው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ለሰውየው ጠባይም ይዋሳል። የተዋሰለት ሰው ቢጠፋ ወይም ደግሞ ቢያጠፋ ከብቱና ርስቱ ስለሚጠየቅበት ዋሱ የተፈታውን ሰው ማን እንዳዘዘው ሳይጠይቅ ይጠብቀዋል። ዛሬ በሕግ ቋንቋ «የአመክሮ ክትትል» የሚባለው ሥራ በዚያ ዘመን የጎረቤትና የዘመድ ሥራ ነበር። መዝገብ አያስፈልገውም፤ ሰውየው በየገበያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየለቅሶው ይታያል።

ነፍስ የጠፋበት ጉዳይ ግን በዋስ ብቻ አያልቅም። ገዳዩ በሹም እጅ ቢሆንም ባይሆንም የሟች ወገን ደሙን እስኪተው ድረስ ወደ ቀዬው መመለስ አይችልም። ሽማግሌዎችና ካህናት ገብተው ካሳው ይቆረጣል፣ ይቅርታው በመሐላ ይጸናል። የጥንቱ ሥርዓት ከዘመናዊው የሚለይበት አንዱ ነጥብ ይህ ነው፤ የመፈታቱን ቁልፍ ከያዙት መካከል የተበደለው ወገን ራሱ አለበት።

ከዋስና ከእርቅ በላይ ደግሞ የገዢው ፈቃድ ነበረ። ጎጃምን እስከ 1924 ዓ.ም. የገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ብዙ ሰው አስረው ፈትተዋል፤ ልጅ ኢያሱ ከታሰሩበት ከፍቼ ባመለጡበት በዚያ ዓመት ግን በማምለጡ እጃቸው አለበት ተብለው ራስ ኃይሉም ታሰሩ። የተፈረደባቸው ሞት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፣ ከእስር የወጡትም የጣሊያን ጦርነት የመንግሥቱን መዋቅር ባናጋበት ጊዜ ነበር። የቢቸናው አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀም ከነጻነት በኋላ ሸፍተው ሲያዙ የሞት ፍርዳቸው በንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዕድሜ ልክ ዝቅ ብሎላቸው ነበር፤ ከእስር ለማምለጥ ሞክረው በመያዛቸው በ1937 ዓ.ም. ተሰቀሉ። በሁለቱም ታሪክ ውስጥ ለመፈታት ማመልከቻ የሚቀርብበት ቦታ፣ የሚጠበቅ ጊዜ፣ የሚመረመር መስፈርት የለም። ምሕረት ከላይ ይወርዳል ወይም አይወርድም።

ዳንግላ ራሷ በዚያው ዘመን አንድ ልዩ ነገር አይታለች። የእንግሊዝ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ነበራት፤ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ በጻፈው መጽሐፍ የታወቀው ሜጀር ቺዝማን እዚያ ተቀምጦ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ውል መነሻነት የውጭ አገር ሰዎች ከቆንስላቸው ጋር ካልሆነ በቀር በአገሩ ዳኛ ብቻ አይዳኙም ነበር። ስለዚህ በአንድ ገበያ ላይ የሚገናኙ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ለሹምና ለዋስ፣ ሌላው ለተጻፈ ሕግና ለቆንስል የሚያድሩ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። አገሪቱ የተጻፈ የወንጀል ሕግ ለማውጣት ከቸኮለችባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህንን የባዕዳን ልዩ መብት ለማስቀረት ነበር፤ የ1923ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የዚያ ጥረት ፍሬ ነው።

የጣሊያን ወረራ ለሕጉ ብዙም ያበረከተው የለም። ለቋንቋው ግን «ከርቸሌ» የሚለውን ስም ትቶለት ሄዷል፤ «ካርቸሬ» ከሚለው የጣሊያን ቃል የመጣ ነው። በእስረኞች መካከል አለቃ ሆኖ የሚመረጠው «ካቦ»ም ከዚያው ቋንቋ ነው። የጣሊያን ጦር በ1933 ዓ.ም. ከዳንግላና ከእንጅባራ ለቆ ሲወጣ የተመለሰው መንግሥት እስር ቤትን እንደ መደበኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማቋቋም ነበረበት፤ በ1936 ዓ.ም. የወጣው የእስር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 45 ይህን ጀመረ። ከዚህ በኋላ እስረኛ የገባበት ቀን ይጻፋል፣ የሚወጣበት ቀን ይቆጠራል። በዓመት የሚለካ እስራት ሲለመድ ደግሞ «ዓመቱ ሳያልቅ መውጣት ይቻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ተወለደ።

መልሱ የመጣው ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. በታወጀውና በ1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው። የአመክሮ አሳብ ከዚያ በፊት ረጅም መንገድ ተጉዟል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1840 አሌክሳንደር ማኮኖኪ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን በአውስትራሊያ አቅራቢያ ባለችው በኖርፎክ ደሴት እስረኞች በሥራና በመልካም ጠባይ ነጥብ እያጠራቀሙ መፈቻቸውን የሚያቀርቡበትን ዘዴ ሞከረ፤ ዋልተር ክሮፍተን በ1850ዎቹ በአየርላንድ በደረጃ አሻሻለው፤ ፈረንሳይ በ1885 ሕግ አደረገችው። የግራቨን አገር ስዊዘርላንድ ደግሞ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ እስረኛ በግዴታ ሥር ሊፈታ ይችላል ብላ በሕጓ ጽፋ ነበር። ይኸው ልክ፣ ከሦስት እጅ ሁለት እጅ፣ ወደ ኢትዮጵያው ሕግ ገባ። የዕድሜ ልክ እስረኛ በስዊዘርላንድ 15 ዓመት፣ በኢትዮጵያ ግን 20 ዓመት መቆየት ነበረበት።

በአገው ምድር ዓይን ሲታይ ይህ ሕግ ያመጣው ትልቁ አዲስ ነገር የሁለት ሦስተኛው ሒሳብ አልነበረም። አመክሮን የሚፈቅደው ፍርድ ቤት፣ ስለ እስረኛው ጠባይ የሚናገረው ደግሞ የእስር ቤቱ አስተዳደር እንዲሆን መደረጉ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጉዳዩን በጽሑፍ የሚሄድ አደረገው። በዚያን ጊዜ ዳንግላ የአገው ምድር አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፣ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ግን ደብረ ማርቆስ። ከዚህ በፊት ስለ ሰውየው የሚናገሩት የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ነበሩ፤ አሁን የሚናገርለት ከወንጀሉ በኋላ ያወቀው ዘበኛና አዛዥ ሆነ። የሰውየው ቀዬና ፋይሉ ተለያዩ። ይህ መለያየት ጥቅምም አለው። ዘመድ የሌለው፣ ሀብት የሌለው፣ ዋስ የሚሆንለት ያጣ ሰው በድሮው ሥርዓት ተረስቶ ሊቀር ይችል ነበር፤ መዝገብ ግን የዘመድ ብዛት አይቆጥርም። ጉዳቱ ደግሞ መጻፍና ማንበብ የማይችል፣ አገውኛ እንጂ አማርኛ በቅጡ የማይናገር ገበሬ ስለ ራሱ የሚጻፈውን ሳያውቀው መቅረቱ ነው።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቢያወጣም ለአመክሮ ታሪክ ዋናው ነገር ሌላ ነው። በአብዮቱ ዓመታት እጅግ ብዙ ሰው ያለ ፍርድ ታሰረ። አመክሮ ደግሞ ከፍርድ በኋላ እንጂ በፊት አይኖርም፤ ቅጣቱ ያልተቆረጠ ሰው ሁለት ሦስተኛ የሚባል ቀን የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ እስረኛ የቀረው በር ያው የጥንቱ ነበር፤ ከላይ የሚመጣ ምሕረት።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የአገሪቱን አወቃቀር ከሥር ለወጠው። የወንጀል ሕግ ማውጣት በዋናነት ለፌዴራሉ መንግሥት ሆነ፤ ፍርድ ቤትና ማረሚያ ቤት ግን ክልሎችም የየራሳቸው ኖራቸው። የአማራ ክልል በ1994 ዓ.ም. ባሻሻለው ሕገ መንግሥት ለአዊ፣ ለዋግ ኽምራና ለኦሮሞ የብሔረሰብ አስተዳደር ሰጠ፤ ቀድሞ ኮሶበር ትባል የነበረችው እንጅባራ የአዊ መቀመጫ ሆነች፣ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በዚያ ተቀመጠ። ዳንግላ የአውራጃ ዋና ከተማነቷን አጣች። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት የባንጃ ወይም የዚገም ሰው ጉዳይ ከደብረ ማርቆስ ይልቅ በአቅራቢያው መታየት ጀመረ። ሕገ መንግሥቱ የተከሰሰ ሰው ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ካላወቀ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ፣ በጥበቃ ሥር ያለና የተፈረደበት ሰው ደግሞ በቤተሰቡ፣ በጓደኞቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው እንዲጎበኝ መብት ሰጥቷል። የመጎብኘት መብት ለአመክሮ እዚህ ግባ የማይባል ቢመስልም እስረኛው ከቀዬው ጋር ያለው ክር እንዳይበጠስ የሚያደርገው እሱ ነው።

በእነዚህ ዓመታት ስሞቹም ተለወጡ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 365 የፌዴራሉን መሥሪያ ቤት «የማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን» አለው፤ እስረኛም በወረቀት ላይ «ታራሚ» ሆነ። በ1996 ዓ.ም. ጸድቆ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕግም «የወንጀለኛ መቅጫ» መባሉ ቀርቶ «የወንጀል ሕግ» ተባለ። በስም ለውጥ የታሰረ ሰው እንደማይፈታ ግልጽ ነው። ቢሆንም የስሞቹ አቅጣጫ ከአመክሮ አሳብ ጋር ይገጥማል፤ ቤቱ ማረሚያ ከሆነ የታረመን ሰው ማስቀረት ምክንያት ያጣል።

አዲሱ የወንጀል ሕግ አመክሮን ከአንቀጽ 201 እስከ 207 ደንግጓል። የጊዜው ልክ ያው ነው፦ ከተቆረጠው ቅጣት ሁለት ሦስተኛ፣ ለዕድሜ ልክ እስረኛ 20 ዓመት። ጥያቄው ከማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ወይም ከራሱ ከታራሚው ሊመጣ ይችላል፤ የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው። ፍርድ ቤቱ ሦስት ነገር ይመረምራል። ታራሚው በእስር ቆይታው በሥራውና በጠባዩ መሻሻል አሳይቷል ወይ? በፍርድ የተወሰነበትን ወይም ከተበዳዩ ጋር የተስማማበትን ካሳ አቅሙ በፈቀደው መጠን ከፍሏል ወይ? ሲፈታ መልካም ጠባይ ይኖረዋል ብሎ ለመገመት የሚያበቃ ነገር አለ ወይ?

ሁለተኛው መስፈርት በአዊ አገር የሚወድቀው በለመደ መሬት ላይ ነው። ሕጉ ካሳ ሲል የፍርድ ቤት ቋንቋ እየተናገረ ነው፤ የአገሩ ሰው የሚሰማው ግን እርቅ ነው። ታራሚው በእስር እያለ ዘመዶቹ ሽማግሌ ልከው ከሟች ወይም ከተጎዳው ወገን ጋር ከታረቁ ካሳው ተከፍሏል፣ ቂሙም ለዝቧል። ሳይታረቅ የወጣ ሰው ግን ፍርድ ቤቱ ቢፈታውም ቀዬው ላይፈታው ይችላል፤ ወደ ሌላ ከተማ መሰደድ ወይም በቤቱ ተሸሽጎ መኖር ይመጣል። የስዊዘርላንዱ ፕሮፌሰር ያዘጋጁት ሥርዓት ከአገው ሽማግሌ ጋር ሊጨባበጥ የሚችለው በዚህ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሆኖም ሕጉ የሽማግሌውን ቃል ራሱን የቻለ ማስረጃ አላደረገውም፤ ተበዳይ በአመክሮ ችሎት ቀርቦ እንዲሰማ የሚያስገድድ ዝርዝር ሥርዓትም በቅጡ አላበጀም። በጥንቱ ሥርዓት ቁልፍ ከያዙት አንዱ የነበረው ወገን በአዲሱ ውስጥ በካሳ ደረሰኝ ብቻ ተወክሏል።

ሒሳቡ ራሱ ቀላል ነው። ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ነው። 9 ዓመት የተፈረደበት በ6 ዓመት፣ 15 የተፈረደበት በ10 ዓመት አመክሮ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከፍርድ በፊት በእስር የቆየበት ጊዜ ይታሰብለታል። 25 ዓመት የተፈረደበት ሰው በ16 ዓመት ከ8 ወሩ ይደርሳል። ከዕድሜ ልክ እስረኛው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ 3 ዓመት ከ4 ወር ብቻ መሆኑ ያስገርማል፤ በፍርዱ ቀን በሰማይና በምድር ርቀት የተለያዩ የሚመስሉ ሁለት ቅጣቶች በአመክሮ በር ላይ ሲደርሱ ጎረቤት ይሆናሉ። በታራሚዎች ዘንድ ግን ይህ ሒሳብ ከግምት አልፎ መብት ሆኖ ይታያል። ቅጣት እንደተነበበ ወዲያው በልብ በሦስት ይካፈላል፣ ቤተሰብም የሚጠብቀው ሁለተኛውን ቀን ነው። ሕጉ የሚለው «ይፈታል» ሳይሆን «ሊፈታ ይችላል» ነው። ጋዜጠኛ ተመስገን ደሳለኝ በጥቅምት 2007 ዓ.ም. የተፈረደበትን የ3 ዓመት እስራት ሙሉውን ፈጽሞ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. መውጣቱ ሁለት ሦስተኛው ቀን ብቻውን በር እንደማይከፍት አገር ያየው ምሳሌ ነው።

በዚህ «ይችላል» ውስጥ የሚሠራው ሥነ ሥርዓት በዋናነት የሚጻፈው በማረሚያ ቤቱ ውስጥ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታራሚዎች አያያዝ ደንብ ቁጥር 138 እና በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ማረሚያ ቤት አዋጅ ቁጥር 1174 የታራሚውን አያያዝ፣ ሥራና ዲሲፕሊን ይደነግጋሉ፤ የአማራ ክልል ማረሚያ ቤቶችም በክልሉ የራሱ አስተዳደር ሥር ናቸው። የዲሲፕሊን ጥፋት ተብሎ የተመዘገበ አንድ ገጽ የታራሚውን የሁለት ሦስተኛ ቀን ወደ ሦስት ሦስተኛ ሊገፋው ይችላል። ዳኛው ታራሚውን ያየው በፍርዱ ቀን ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚያውቀው በደብዳቤ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ወሳኙ ፍርድ ቤት ቢሆንም የውሳኔው ሚዛን የሚያጋድለው ደብዳቤውን በሚጽፈው እጅ ላይ ነው። የ1949ኙ ሕግ የጀመረው የምስክርነት ዝውውር ፍጻሜው እዚህ ነው።

አመክሮን ከይቅርታና ከምሕረት መለየት ይገባል፤ በአነጋገር ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። ምሕረት በሕግ አውጪው የሚሰጥና ወንጀሉን ጭምር የሚያጠፋ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1089 ለዚህ ነው። ይቅርታ ደግሞ የቀረውን ቅጣት ያስቀራል፤ ሥነ ሥርዓቱ በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 395 ከተደነገገ በኋላ በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 840 ተተካ፣ ክልሎችም የየራሳቸው የይቅርታ ሕግ አላቸው። በ2000 ዓ.ም. ለሚሊኒየሙ በዓል ከ17 ሺህ በላይ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በፌዴራል ደረጃ ከ4 ሺህ በላይ እስረኞች የወጡት በይቅርታ ነው። ጅምላ ይቅርታ በበዛ ቁጥር አመክሮ ይደበዝዛል። ለአመክሮ በየሰዉ መርምሮ መወሰን ያስፈልጋል፤ የበዓል ይቅርታ ግን በዝርዝር ስለሚሄድ ማረሚያ ቤቱን በአንድ ቀን ያቃልለዋል። የጥንቱ የንጉሥ ምሕረት በቦርድና በአዋጅ ቁጥር ተሸልሞ መመለሱ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የደርግ ዘመኑ ጥያቄ እንደገና ተነሣ፤ በአዋጁ ሥር ክስ ሳይመሠረትበት የተያዘ ሰው የሚቆጥረው ቅጣት ስላልነበረው አመክሮ አይመለከተውም ነበር።

በአመክሮ የተፈታ ሰው ገና ሙሉ ነጻ አይደለም። ፍርድ ቤቱ የፈተና ዘመን ይቆርጥለታል፣ የሚከተላቸውን የጠባይ ደንቦች ያዘዋል፣ ከሚጠብቀው አካል ጋር ያገናኘዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አዲስ ወንጀል ቢፈጽም ወይም ግዴታውን ቢያፈርስ አመክሮው ተሽሮ የቀረውን ዘመን ሊፈጽም ይመለሳል። በሕጉ የታሰበው የአመክሮ ተቆጣጣሪ ባለሙያ በወረዳ ደረጃ በበቂ ባልተደራጀበት አገር ይህን ክትትል በተግባር የሚወጡት ቀበሌውና ጎረቤቱ ናቸው፤ በአንከሻም ሆነ በዳንግላ ዙሪያ ከእስር የተመለሰ ሰው ማን ጋር እንደሚውል የሚያየው ሰፈሩ ነው። የፈተናው ዘመን ያለ ጥፋት ሲያልቅ መፈታቱ የመጨረሻ ይሆናል፣ ቅጣቱም እንደተፈጸመ ይቆጠራል።